እናታችሁን ለጉብኝት ስትጠሩ፦ ኤምባሲው የሚጠይቀው ስለ እናንተ አይደለም

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር እዚህ ፕሊማውዝና በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ዙሪያ ሐበሻ በተገናኘበት ሁሉ አንድ ወሬ ይነሳል፦ «ማዘርን ላመጣት ነው»። ምክንያቱ ይለያያል። አንዷ ልትወልድ ነው። የሌላው ልጅ ከዋይዛታ ሃይስኩል ሊመረቅ ነው (ስሙ ዋይዛታ ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ያለው እዚሁ ፕሊማውዝ ውስጥ ነው)። ሦስተኛዋ ደግሞ እናቷን ካየች አሥር ዓመት አልፏታል፣ በቃ ናፍቃታለች።

ከዚያ ሩጫው ይጀመራል። ባንክ ስቴትመንት ይወጣል፣ የሦስት ዓመት ታክስ ይታተማል፣ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጻፋል፣ የዜግነት ወረቀት ኮፒ ይደረጋል፣ የግብዣ ደብዳቤ ኖተሪ ፊት ይፈረማል። ሁሉም አንድ ወፍራም ፎልደር ውስጥ ገብቶ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ይላካል። እናት ፎልደሩን ደረታቸው ላይ አቅፈው አዲስ አበባ እንጦጦ መንገድ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ይገባሉ። መስኮቱ ጋ የቆመው ቆንስል ሦስት አራት ጥያቄ ይጠይቃቸዋል፣ ፎልደሩን ሳይከፍት አንድ ወረቀት ያቀብላቸዋል። ተከልክለዋል። ማታ ስልክ ይደወላል፦ «ያን ሁሉ ወረቀት እኮ ዞር ብሎም አላየው!»

ስለ ቪዛ በሠራነው ፕሮግራም ላይ በጣም የተጠየቅነው ይሄንኑ ነው፦ ለምን አላየውም? በቪዲዮው ላይ በሰዓት እጥረት በአጭሩ ያለፍነውን እዚህ ሰፋ አድርገን ልናስረዳ ወደናል። አስቀድመን እንናገር፣ እኛ ጠበቃ አይደለንም። የቤተሰባችሁ ጉዳይ ውስብስብ ከሆነ፣ በተለይ ከዚህ በፊት ክልከላ ወይም የተጀመረ የግሪን ካርድ ማመልከቻ ካለ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ሕጉ የሚያየው ማንን ነው?

ለጉብኝት የሚሰጠው ቪዛ ቢ-2 ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ከንግዱ ጋር ተጣምሮ ቢ-1/ቢ-2 ተብሎ ይሰጣል። ይህን ቪዛ የሚገዛው ሕግ የ1952ቱ የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ሲሆን፣ እናቶቻችን በሚሰጣቸው ወረቀት ላይ የሚያዩት «214 ቢ» የሚለው ቁጥር የዚሁ ሕግ አንቀጽ ነው። አንቀጹ የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ቪዛ የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው ለመቅረት እንደሚመጣ ተደርጎ ይገመታል፤ ለመቅረት እንዳልሆነ ቆንስሉን ማሳመን ያለበት አመልካቹ ራሱ ነው። ልብ በሉ፣ በፍርድ ቤት ተከሳሽ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ነፃ ነው ተብሎ ይገመታል። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። ቆንስሉ «ይቀራሉ» ብሎ ማስረጃ ማቅረብ የለበትም። እናት ናቸው «አልቀርም፣ የምመለስበት ቤት አለኝ» ብለው ማሳየት ያለባቸው።

እና የእናንተ ባንክ ስቴትመንት ለዚህ ጥያቄ ምን መልስ ይሰጣል? ምንም። እንዲያውም አንዳንዴ በተቃራኒው ይሠራል። ልጅ ፕሊማውዝ ውስጥ ቤት አላት፣ ጥሩ ደመወዝ አላት፣ ባዶ መኝታ ክፍል አላት የሚል ወፍራም ፎልደር ለቆንስሉ የሚነግረው እናት እዚህ ቢቀሩ የሚያርፉበት መኖሩን ነው። አገር ቤት ምን እንዳላቸው ግን አይነግረውም።

ይሄ የእኛ ግምት አይደለም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ራሱ በግልጽ አስቀምጦታል፦ ለጉብኝት ቪዛ የግብዣ ደብዳቤም ሆነ የድጋፍ ቃለ መሐላ አያስፈልግም፤ አመልካቹ የሚመዘነው በአገሩ ባለው መኖሪያና ትስስር እንጂ አሜሪካ ያለ ዘመድ በሚሰጠው ዋስትና አይደለም። ብዙዎቻችን የምንሞላው አይ-134 የሚባለው ፎርምም ለዚህ ቪዛ ግዴታ አይደለም።

ታዲያ ይሄ የግብዣ ደብዳቤ ነገር ከየት መጣብን? እንደሚመስለን የተማርነው ከሌላ አገር ዘመዶቻችን ነው። ከሚኒያፖሊስ ሰባት ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ብትነዱ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ትገባላችሁ። እዚያ ያለው ዘመዳችሁ ወላጆቹን በካናዳው «ሱፐር ቪዛ» ሲጠራ የግብዣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ገቢው ከተወሰነ መጠን በላይ መሆኑን ያሳያል፣ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ ይገዛል። ወላጅ በአንድ ጉዞ እስከ 5 ዓመት መቆየት ይችላል። ጀርመን ያለችው እህታችሁም የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ሄዳ የእናትን ወጪ እንደምትችል የግዴታ ፎርም ትፈርማለች። በነዚያ አገሮች የጋቢው ወረቀት ትልቅ ቦታ አለው። ዘመድ ለዘመድ በስልክ ሲነግር ግን አገሩ ይቀርና «ኢንቪቴሽን ላክ፣ ስቴትመንት ላክ» የሚለው ብቻ ይተላለፋል።

የእናንተ ወረቀት ፈጽሞ አይጠቅምም ማለታችን ግን አይደለም። እናት ወጪያቸውን ራሳቸው የማይችሉ ከሆነ፣ እናንተ እንደምትሸፍኑ የሚያሳይ አንድ ሁለት ገጽ መያዝ ተገቢ ነው። «ማን ይከፍላል?» ሲባሉ «ልጄ» ማለት ምንም ነውር የለበትም። ግን ሁለት ገጽ ይበቃል።

«ደመወዝ የላቸውም፣ ምን ያሳዩ?»

እዚህ ጋ ነው ዋናው ጭንቀት። ቆንስሉ የሚፈልገው ትስስር ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣለት የሥራ ደብዳቤና የባንክ ሒሳብ ነው። እናቶቻችን ደግሞ አብዛኞቹ በወር ደመወዝ ኖረው አያውቁም። አንዷ ደብረ ማርቆስ አጠገብ መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተው ይኖራሉ፤ ሌላዋ አዲስ አበባ ከጊቢያቸው ሁለት ክፍል አከራይተዋል፤ ሌላዋ የሟች ባለቤታቸውን ጡረታ ይቀበላሉ። ይሄ ሁሉ ትስስር ነው። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የቤት ካርታ፣ የኪራይ ውል፣ የጡረታ ማረጋገጫ ካለ ይያዝ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚመዝነው ሰው ነው። አብሯቸው የሚኖር ልጅ አለ? ከትምህርት ቤት የሚቀበሉት የልጅ ልጅ አለ? ባለቤታቸው በሕይወት ካሉ እዚያው ይቀራሉ? ከዚህ በፊት ዱባይ ወይም ኢየሩሳሌም ሄደው ተመልሰው ከሆነ፣ ያ ራሱ ትልቅ ምስክር ነው። የድሮ ፓስፖርት እንዳይጥሉ ንገሯቸው።

ችግሩ እናት ይሄን ሁሉ ሊናገሩት የሚገባ ነገር ነው ብለው አለማሰባቸው ነው። ለእሳቸው ቤታቸው ቤታቸው ነው፣ ምን ይወራል? «አገር ቤት ማን አለዎት?» ሲባሉ «ማንም የለኝ፣ እግዜር ብቻ» የሚል መልስ የሚያመጣው ትሕትና ነው። ለኛ ጆሮ ጨዋነት ነው። ያ ቆንስል ግን የሚሰማው የሚመልሳቸው ነገር የሌላቸው ሴትዮ ነው። «ልጅሽ ጋ ምን ያህል ትቆያለሽ?» ሲባሉ «እሷ እንዳለች» ይላሉ። ይሄም ለኛ መከባበር ነው፤ ለእሱ ግን ዕቅድ የለም ማለት ነው።

እና ከኢንተርቪው በፊት የምትደውሉት ስልክ መልስ ለማስጠናት መሆን የለበትም። የተጠና መልስ ያስታውቃል፣ ደግሞም እናት በድንጋጤ ከተጠናው አንዷን ቢረሱ ሁሉም ይፈርሳል። ይልቅ ኑሯቸውን ጠይቋቸው። ጠዋት ምን ይሠራሉ፣ ቤቱን ማን ይጠብቃል፣ ኪራዩን ማን ይሰበስባል፣ ሲመለሱ ምን ይጠብቃቸዋል። ያን በራሳቸው አፍ፣ በአማርኛ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ከየትኛውም ፎልደር ይበልጣል። ኢንተርቪው የሚያልቀው ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ነው፣ ረጅም ታሪክ ለማውራት ጊዜ የለም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ሊሰማው የማይፈልገውን እንንገራችሁ። እናት የሚመጡት በእርግጥ ለምንድነው? አራስ ልጃቸውን ጠይቀው፣ ገንፎ አገንፍተው፣ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው፣ በሁለት በሦስት ወር ለመመለስ ከሆነ ጉብኝት ነው፤ እንዲሁ ብለው ይናገሩ። ግን በልባችሁ ያለው «ዴይኬር ተወደደ፣ እማዬ ትምጣና ትያዝልኝ፣ እኔ ወደ ሥራ ልመለስ» ከሆነ፣ ከዚያም «አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ትቆያለች» ከሆነ፣ ያ ጉብኝት አይደለም። እናትን መስኮት ፊት አቁሞ ለሦስት ሳምንት ነው አስብሎ ማስዋሸትም እናትን መበደል ነው። በማጭበርበር ወይም በሐሰት ቃል ቪዛ ለማግኘት የሞከረ ሰው በሕጉ መሠረት ለዕድሜ ልክ ሊታገድ ይችላል። ነገ በሕጋዊ መንገድ ልታመጧቸው ስትፈልጉ ያቺ ቃል ፋይላቸው ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቃችኋለች።

ፎርሙ ላይ የሐበሻ ነገር

ማመልከቻው የሚሞላው ዲ ኤስ-160 በሚባል የኦንላይን ፎርም፣ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው ልጅ ነው፣ ከፕሊማውዝ። ይሄ ችግር የለውም፤ ግን ፎርሙ «የረዳህ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል፣ አዎ ብላችሁ ስማችሁን አስገቡ። እናት በውስጡ የተጻፈውን አንድ በአንድ ሰምተው ማወቅ አለባቸው፤ «ሳይን» የሚለውን መጫን ያለባቸውም እሳቸው ናቸው፤ በሕግ ፊት ቃሉ የእሳቸው ቃል ነው።

የመጀመሪያው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። እናት «አባታችሁ ያረፉት በ2003 ነው» ሲሉ ፎርሙ ላይ 2010 ወይም 2011 ነው የሚሆነው፣ እንደ ወሩ። ፎርሙን አንድ ቦታ በእኛ፣ አንድ ቦታ በፈረንጅ ቆጥራችሁ ከሞላችሁት የሰባት ስምንት ዓመት ክፍተት ይፈጠራል፣ እናትም ኢንተርቪው ላይ ሌላ ቁጥር ይናገራሉ። የልደት ቀን ላይ ግን አትፈላሰፉ፦ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ይጻፍ። እናት የተወለዱት «በጣሊያን ጊዜ» ይሁን «በንግሥና ማግስት»፣ ፎርሙ የሚያውቀው ፓስፖርቱን ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ቀጠሮው ላይ 8 ሰዓት የሚለው የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት መስሏቸው ምሳ በልተው የሚሄዱ እንዳሉ ሰምተናል፣ ብንስቅም ያሳዝናል።

ሁለተኛው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሴቶቻችንም ሲያገቡ ስማቸውን አይቀይሩም። ስለዚህ ልጅ አሜሪካ ውስጥ የምትጠራበት «ላስት ኔም» የአባቷ ወይም የአያቷ ስም ነው፤ የእናቷ ፓስፖርት ላይ ያለው ደግሞ የእናቷ አባትና አያት። ለፈረንጅ ዓይን ሁለቱ ምንም የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። ቆንስሎቹ አዲስ አበባ ስለሚሠሩ ነገሩን ይለምዱታል፤ ግን የልደት ሰርተፊኬት መያዙ አይከፋም፣ በተለይ ኤርፖርት ላይ ለሚያጋጥማቸው ሰው።

ሦስተኛው፣ ፎርሙ «የኢሚግራንት ፔቲሽን ገብቶልህ ያውቃል?» ብሎ ይጠይቃል። ዜግነት ያላችሁ ልጆች ለእናታችሁ አይ-130 አስገብታችሁ ከሆነ መልሱ አዎ ነው። አዎ ማለት ቪዛውን ያከብደዋል፣ ምክንያቱም ለመኖር መምጣት እንደሚፈልጉ በጽሑፍ የተናገራችሁት እናንተው ናችሁ። ግን የተከማቸው መረጃ እጃቸው ላይ ስለሆነ አይደለም ማለት ከማክበድ አልፎ ያበላሻል። ሌላም አለ፦ ፎርሙ ያለፉትን 5 ዓመታት የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች ይጠይቃል። ለማዘር የከፈታችሁላቸው ፌስቡክ ካለ እሱም ይቆጠራል።

ሦስት ወር

አሁን የሰሞኑ ለውጥ ላይ እንምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው የድሮውን ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 8 ቀን 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው የጉብኝት ቪዛ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባና ለ3 ወር የሚያገለግል ሆኗል። ይሄ 3 ወር የሚቆዩበት ጊዜ አይደለም፤ ቪዛው ከተሰጠበት ቀን አንስቶ አሜሪካ መግባት ያለባቸው ጊዜ ነው። ምን ማለት እንደሆነ በምረቃው እንየው። ምረቃ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። እናት ቀደም ብለው አመልክተው ቪዛውን በየካቲት መጨረሻ ቢያገኙ፣ ምረቃው ሲደርስ ቪዛው ሞቷል። ዘግይተው ቢያመለክቱ ደግሞ ቀጠሮ አያገኙም። እና ምረቃ አስቸኳይ ጉዳይ ነው ብሎ ቀጠሮ ማስቀደም አይታሰብም፤ የአሜሪካ ኤምባሲዎች መመሪያ ምረቃ፣ ሠርግና ነፍሰ ጡር ዘመድ መርዳት የአስቸኳይ ቀጠሮ ምክንያት እንደማይሆኑ ይናገራል። ሐዘንና ከባድ ሕመም ናቸው የሚታዩት። ስለዚህ ቀጠሮውን ከምትፈልጉት ቀን ወደኋላ ቆጥራችሁ ያዙ፤ ምረቃው ካለፈም «ሊያዩን ነው» ብለው መምጣታቸውን እንደ ኪሳራ አትቁጠሩት።

የ80 ዓመት አያት ኢንተርቪው አይጠየቁም የሚባለውም ቀርቷል፤ ከመስከረም 2025 ወዲህ ከ79 ዓመት በላይ ያሉትም በአብዛኛው መቅረብ አለባቸው። ናይሮቢ ወይም ዱባይ ቀጠሮ ቶሎ ይገኛል ተብሎ መሄድም እንደዚያው፣ አመልካች በዜግነቱ አገር ወይም በሚኖርበት አገር እንዲያመለክት ታዟል።

ክፍያው 185 ዶላር ነው፣ ቪዛ ተሰጠም ተከለከለም አይመለስም። ለእኛ እዚህ ላለነው የአንድ ቀን ሥራ ይሆናል። እዚያ ግን ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በ57 ብር ምንዛሪ 10,500 ብር አካባቢ የነበረው ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በሐምሌ 2025 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ላይ ደግሞ ተጨማሪ 250 ዶላር ሰፍሯል፤ ከአንዳንድ አገሮች ጎብኚዎች 5,000፣ 10,000 ወይም 15,000 ዶላር ማስያዣ የሚጠየቅበት አሠራርም በነሐሴ 2025 በማላዊና በዛምቢያ ተጀምሮ ሌሎች አገሮች ተጨምረውበታል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በዚያው ሳምንት የኤምባሲውን ድረ ገጽ እዩ። የእኛን ጽሑፍ ጨምሮ የማንንም ወሬ አትመኑ።

በነገራችን ላይ አሜሪካ ብቻ አይደለችም ያጠበቀችው። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ ውሳኔ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሟል፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም አግዷል።

ቢከለከሉስ?

በ214 ቢ የተከለከለ ሰው ይግባኝ የሚልበት ቦታ የለም። እንደገና ማመልከት ይችላል፣ እንደገና ከፍሎ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያንኑ ፎልደር ይዞ መመለስ ግን ገንዘብ ማቃጠል ነው። የተለወጠ ነገር ካለ፣ ወይም መጀመሪያ በደንብ ያልተነገረ እውነት ካለ፣ ያኔ ነው።

«ለኮንግረስማን እንጻፍ» የሚሉ አሉ። ፕሊማውዝ ያለችበት የሚኒሶታ 3ኛ ወረዳ ተወካይ ቢሮ፣ እንደማንኛውም የኮንግረስ ቢሮ፣ ለኤምባሲው ደብዳቤ ጽፎ ጉዳዩ የት እንደደረሰ ሊጠይቅላችሁ ይችላል። ወረቀት ጠፍቶ ወይም ፋይል ቆሞ ከሆነ ይረዳል። «አይሆንም» የተባለውን «ይሁን» ማስባል ግን አይችልም። ፍርድ ቤትም ከዚህ የራቀ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2024 ሙኞዝ በተባለችው ዜጋ ጉዳይ፣ ባሏ እንኳ ቪዛ ሲከለከል ዜጋዋ የቆንስሉን ውሳኔ በፍርድ ቤት ለማስመርመር የሚያስችል ሕገ መንግሥታዊ መብት እንደሌላት ወስኗል። ባል እንዲህ ከሆነ ለጉብኝት የምትመጣ እናት ምን ልትባል ነው?

ይሄን ተስፋ መቁረጥ የሚጠቀሙበት ደግሞ ደላሎች ናቸው። «ውስጥ ሰው አለን» የሚል ሰው ውስጥ ሰው የለውም። የሐሰት የባንክ ደብዳቤ፣ የሌለ ድርጅት የሥራ ደብዳቤ ሠርቶ የሚሸጥላችሁ ሰው ገንዘቡን ወስዶ ይሄዳል፤ ስሙ ፋይል ላይ የሚቀረው የእናታችሁ ነው። ቪዛቸው የእውነት መሬት እያላቸው የሐሰት ደብዳቤ በማቅረባቸው የተዘጋባቸው ሰዎች ከሁሉም የበለጠ ያሳዝኑናል።

ዜጋ ከሆናችሁና ዕድሜያችሁ 21 ከሞላ፣ እናታችሁ አብራችሁ እንድትኖር ከፈለጋችሁ ለዚያ የተሠራ መንገድ አለ፤ ወላጅ በዓመታዊ ኮታ አይገደብም። ይረዝማል፣ ወጪ አለው፣ የመንግሥት ፖሊሲም ይለዋወጥበታል። ግን የጉብኝቱን ቪዛ በዚህ ፈንታ መጠቀም አይቻልም። ሁለቱን መንገድ ባንድ ጊዜ ከመጀመራችሁ በፊት የትኛው እንደሚቀድም ቤተሰብ ተቀምጦ ይወስን። እናትንም ጠይቋቸው እንጂ! ብዙ እናት መኖር አይፈልጉም። በጥር ከፕሊማውዝ ቤት ሳይወጡ መክረም፣ ሁሉም ሥራ ሄዶ ብቻቸውን ግድግዳ ማየት፣ ዕድራቸውንና ጎረቤታቸውን ጥለው... አይፈልጉትም። ያ አለመፈለግ ነው እኮ መስኮቱ ፊት ሊነገር የሚገባው እውነት።

ቪዛው ከተገኘ በኋላ

ቪዛ ማለት በር ድረስ መድረስ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሚኒያፖሊስ ስለማይበር እናት መጀመሪያ የሚገቡት ቺካጎ ወይም ዋሺንግተን ደለስ ይሆናል። እዚያ የድንበር ፖሊሱ እንደገና ይጠይቃቸዋል፦ የት ይሄዳሉ፣ ስንት ጊዜ ይቆያሉ፣ ማን ጋ። እናንተ ደግሞ አጠገባቸው የላችሁም፣ ሚኒሶታ ሆናችሁ ነው የምትጠብቁት። ስለዚህ የእናንተ ስም፣ አድራሻና ስልክ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት፣ የመመለሻ ቲኬቱም ታትሞ፣ በእጅ ቦርሳቸው ይሁን እንጂ ካርጎ በገባ ሻንጣ አይሁን። አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ አያፍሩ። የሻንጣውን ነገር ካነሳን በርበሬና ሽሮ ካለ «አለኝ» ብለው ይናገሩ፤ ሥጋ ግን፣ ቋንጣም ቢሆን፣ አይያዝ።

ፖሊሱ የሚሰጣቸው የመቆያ ቀን አይ-94 በሚባል የኦንላይን መዝገብ ላይ ይገባል። ለጉብኝት ብዙ ጊዜ 6 ወር ነው፣ ግን እሱ ባነሰ ቀን ሊወስን ይችላል። ቤት እንደደረሱ ከመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አውርዳችሁ ቀኑን እዩት። የሚቆጠረው እሱ ነው፣ ቪዛው ላይ ያለው ቀን አይደለም። ቀኑ ሳያልፍ አይ-539 በሚባለው ፎርም ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ ሰው 3 ዓመት፣ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ 10 ዓመት ተመልሶ እንዳይገባ ሊታገድ ይችላል። ለ70 ዓመት እናት 10 ዓመት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት።

አንድ የቀረን ኢንሹራንስ ነው። ጎብኚ ሜዲኬር የለውም። ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባቸው እናት እዚህ አንድ ሌሊት ሆስፒታል ቢያድሩ የሚመጣው ቢል ከአውሮፕላን ቲኬቱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የጎብኚ ኢንሹራንስ ከመነሳታቸው በፊት ግዙ፤ ነባር በሽታን ይሸፍን እንደሆነ ግን ውሉን አንብቡ፣ ብዙዎቹ አይሸፍኑም ወይም በጥቂቱ ነው። የሚወስዱትንም መድኃኒት ለሚቆዩበት ጊዜ በሙሉ ከሐኪም ማዘዣው ጋር ይዘው ይምጡ።